ቢጫ መብራት ስታዩ አንድ መስመር ልቀቁልን

ሜሪላንድ ውስጥ መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህ ሕግ እናንተን ይመለከታል። ከኋላ እየመጣችሁ መንገድ ዳር የሚያብለጨልጭ መብራት ያበራ መኪና ቆሞ ካያችሁ፣ ከአጠገቡ ያለውን መስመር ለቃችሁ ወደሚቀጥለው ትገባላችሁ። መግባት ካልተቻለ ፍጥነታችሁን ትቀንሳላችሁ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። እዚህ አገር «ሙቭ ኦቨር» ይሉታል። ለፖሊስና ለአምቡላንስ ብቻ የወጣ አይደለም። እኔ የምነዳውን ዓይነት ጎታች መኪና ይጨምራል፤ የቆሻሻ መኪናም፣ የመብራት ሠራተኞች መኪናም አለበት። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ የቆመ ማንኛውም መኪና ገብቶበታል። ጎማዋ የፈነዳባችሁ የእናንተው ኮሮላም ጭምር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው እንጀራዬ ስለሆነ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው በጎታች መኪና ላይ ነው። ጎማ እቀይራለሁ፣ የሞተ ባትሪ አስነሳለሁ፣ ቤንዚን ላለቀበት አደርሳለሁ፣ አልነሳ ያለውን ጭኜ ጋራዥ እወስዳለሁ። አዲስ አበባ እያለሁም ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ፤ ግራሶና ብሎን ለእኔ አዲስ አይደሉም። አዲስ የሆነብኝ መንገዱ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪናው ቆሞ፣ አንተም ተረጋግተህ ትሠራለህ። እዚህ አንዱን መኪና ስትሠራ ሌላው ሁሉ በጀርባህ ይከንፋል።

ደንበኛዬን ጋቢና አሳፍሬ ስሄድ ጨዋታ አይጠፋም። ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣን፣ የት ሰፈር እንዳደግን ተጠያይቀን ገና ሳንጨርስ እንደርሳለን። እኔ ግን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ አላወርደውም። «ቅድም መኪናህን ስጭን ስንቱ መስመር እንደለቀቀልን አይተሃል?» እላለሁ። ብዙዎቹ የሚመልሱልኝ አንድ ዓይነት ነው። «ሕግ ነው እንዴ? እኔ ለፖሊስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

አልፈርድባቸውም። ሕጉ ያደገው ቀስ በቀስ ነው። ሜሪላንድ በ2010 ስትጀምረው የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ዓይነት መኪኖችን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። እኛ ጎታቾች የገባነው በ2014 ነው። በ2018 የቆሻሻ መኪኖችና ሌሎች ቢጫ መብራት የሚያበሩ የአገልግሎት መኪኖች ተጨመሩ። በ2022 ሁሉም ሰው ገባ። እንግዲህ አስቡት፤ መንጃ ፈቃዱን በ2005 ያወጣ ሰው ስለዚህ ሕግ ተፈትኖ አያውቅም። መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የዓይን ምርመራ አለ እንጂ ደንቡን እንደገና የሚጠይቅ የለም። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ከአራት ሰው አንድ የሚጠጋው በሚኖርበት ስቴት እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እንደማያውቅ ተናግሯል። እኛ ሰፈር ቢጠየቅ ደግሞ የማያውቀው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ታክሲ፣ ኡበር፣ ሊሞ፣ ተሳቢ፣ ከእኛ ሰው ስንቱ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ እንደሚውል ደግሞ ታውቃላችሁ።

አሁን ዳሩ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ስቴቶችን በሚያገናኘው ትልቁ መንገድ፣ በኢንተርስቴት ደንብ፣ የቀኝ ዳር ስፋት ቢያንስ 10 ጫማ መሆን አለበት። ሦስት ሜትር ገደማ ነው። የእኔ መኪና ወርዷ ስምንት ጫማ ተኩል ነው። የብረት አጥሩን ልትነካ እስክትደርስ አስጠግቼ ባቆማት የሚተርፈኝ አንድ ጫማ ተኩል ነው። 45 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የአንድ ሰው ትከሻ እንኳ በደንብ አያስቀምጥም። የቆዩ ድልድዮች ላይ ደግሞ ዳሩ ራሱ ይጠባል። ከነጩ መስመር ወዲያ ያለው ሰው በ65 ማይል እየመጣ ከሆነ በአንድ ሴኮንድ 29 ሜትር ይሄዳል። ለአምስት ሴኮንድ ስልኩ ላይ ካቀረቀረ 145 ሜትር ሳያይ ነድቷል።

የእኛ መኪና ጀርባዋ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍላትቤድ እንላታለን። ማንሻውን ስነካው ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ጫፉ አስፋልት ይነካል። ከዚያ ተንበርክኬ፣ አንዳንዴም በሆዴ ተኝቼ፣ ከተበላሸው መኪና ሥር ሰንሰለቱን አያይዛለሁ። ዊንቹ እየሳበ ያወጣዋል። ከወጣ በኋላ አራቱም ጎማ በማሰሪያ መጠፈር አለበት። በአጥሩ በኩል ያሉት ሁለቱ አያስቸግሩም። በትራፊኩ በኩል ያሉትን ሁለቱን ሳስር ግን ጀርባዬ ለመንገዱ ነው። ማሰሪያ በአንድ እጅ አይጠብቅም። መኪናው ካልታሰረ ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚሮጠውን ትራፊክ ጀርባዬን ሰጥቼው በሁለት እጄ እሠራለሁ።

ዓይኔ ሥራው ላይ ስለሆነ የምጠብቀው በጆሮዬ ነው። ነጩ መስመር ጠርዝ ላይ አስፋልቱ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ ተቆፍሯል። ጎማ ሲወጣበት ድርርር ይላል። እንቅልፍ የሸወደውን ለመቀስቀስ የተሠራ ነው። እኛንም ያተርፈናል። ያን ድምፅ ከኋላዬ ከሰማሁ እጄ ላይ ያለውን ጥዬ ወደ አጥሩ ነው የምዘለው። ዞሬ ማንነቱን አላይም።

ተሳቢ አጠገብህ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስብሃል። ክረምት ላይ ከጎማው የሚረጨው ጨውና ጭቃ ፊትህን ይመታሃል። ያው ተሳቢ አንዲት መስመር ለቆ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የኢንተርስቴት አንድ መስመር 12 ጫማ ነው። 45 ሳንቲሜትር የነበረው ክፍተት አራት ሜትር ይሆናል። ነፋሱም አይስበኝም። አሽከርካሪው ያደረገው ፍሬቻ አብርቶ መሪውን ትንሽ ማዞር ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ሎረል አካባቢ፣ ኢንተርስቴት 95 (አይ 95) ላይ፣ አንድ የእኛ ሰው አጋጠሙኝ። ማምሻው ነው፣ ጨልሟል። የግራ የኋላ ጎማ ነው የተነፈሰው፣ ማለትም በትራፊኩ በኩል ያለው። ስደርስ ሽማግሌው ክሪካቸውን ደግነው፣ ጥቁር ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ቁጢጥ ብለው ብሎን ይፈታሉ። ጀርባቸው ነጩ መስመር ላይ ነው። ባለቤታቸው መኪናው ኋላ ቆመው በስልክ መብራት ያበሩላቸዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይነሱ፤ ወደዚህ ይምጡ» አልኩ።

በአማርኛ ስጠራቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ አለቀ እኮ። ሁለት ብሎን ነው የቀረኝ።»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ ከአጥሩ ወዲያ ይቁሙልኝ። እማማንም ይዘዋቸው ይሂዱ።»

«በዚህ ብርድ?»

«አዎ ጋሼ፣ በዚህ ብርድ። ብርዱን ጋቢና ውስጥ እናሞቀዋለን።»

ቅር እያላቸው ተነሱ። ጎማውን እዚያው አልቀየርኩትም። በትራፊኩ በኩል ያለ ጎማ ኢንተርስቴት ላይ አልቀይርም፤ ጭኜ አወጣና ማደያ ግቢ ውስጥ እቀይረዋለሁ። እንደዚያው አደረግን። መንገድ ላይ ሽማግሌው ድሮ አሰብ መስመር ተሳቢ ይነዱ እንደነበር አጫወቱኝ። መኪና ሲበላሽ ምን ታደርጉ ነበር አልኳቸው። «ደጋ ከሆነ ቅጠል ቆርጠን ከኋላ እስከ ሩቅ እንጥላለን። አፋር በረሃ ቅጠል ከየት ይመጣል? ድንጋይ እንደረድራለን። የሚመጣው ሰው ድንጋዩን ካየ ያውቃል፣ ዞር ይላል። ሳይቆምልህ የሚያልፍም የለም፤ ውሃ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል» አሉ። እዚህ አገር ቆሙልኝ አልልም። ኢንተርስቴት ላይ መቆም ራሱ አደጋ ነው። ዞር ማለቱን ግን እሳቸውም ያኔ ያለ ሕግ ያደርጉት ነበር።

ይህ ሕግ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ያለብን ይመስለኛል። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሌክሲንግተን በሚባል ቦታ ጄምስ ጋርሲያ የሚባል የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1994 አደጋ የደረሰበትን ሰው ለመርዳት መንገድ ላይ ወጥቶ ሳለ መኪና ገጨው። በሕይወት ተረፈ። የሀይዌይ ፖሊስ ሪፖርት ሲወጣ ግን ጥፋተኛ የተባለው ራሱ ጋርሲያ ነበር። ሰው ለማዳን የወጣው ሰው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ተባለ። እሱም ዝም አላለም። ሕግ ይውጣልን ብሎ በየቢሮው ደጅ ጠና። በ1996 ሳውዝ ካሮላይና የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ከ50ዎቹ ስቴቶች መጨረሻ ላይ የገባችው ሀዋይ ናት፣ በ2012። እንዲህ የታገለልንን ሰው ስሙን የሚያውቅ አሽከርካሪ በጣም ጥቂት ነው። ጎታች መኪና የሚነዱ ጓደኞቼ እንኳ አያውቁትም።

የእኛን ሥራ ሞት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ናዮሽ የሚባለው የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቋም ከ2011 እስከ 2016 ያለውን ተመልክቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በመኪና መጎተት ሥራ 191 ሰው ሞቷል። በአማካይ ከመቶ ሺህ ሠራተኛ በዓመት ወደ 43 ሰው ማለት ነው። በጠቅላላው የግል ሥራ ሲታይ ቁጥሩ ሦስት እንኳ አይሞላም። ሁሉም በመኪና ተገጭተው አይደለም፤ ጭነት የወደቀበትም አለ። ግን ዋናው ገዳይ መኪና ነው።

ከዚህ የባሰ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። የትሪፕል ኤ የጥናት ክፍል ከ2015 እስከ 2021 የነበረውን አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ መንገድ ዳር ሰው ሲረዱ በሚያልፍ መኪና ተገጭተው የሞቱ 123 ሠራተኞችን አገኘ። ይህ በአገሪቱ የአደጋ መዝገብ ላይ ከሚታየው አራት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ሌሎቹ የት ሄዱ? ብዙዎቹ የተመዘገቡት «እግረኛ» ተብለው ነው። ቢጫ ጃኬት ለብሶ፣ መብራት አብርቶ፣ የሰው መኪና እያሰረ የሞተው ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ መንገድ ሲሻገር እንደሞተ ሰው ሆኖ ቀረ። ካልተቆጠርን ማን ስለ እኛ ሕግ ያጠብቃል? የአደጋውን ፎርም የሚሞላው ፖሊስ አንዲት ሳጥን በትክክል ቢያቀልም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የመብራቱ ቀለም ጉዳይም ያንገበግበኛል። አንዳንዴ የስቴት ፖሊስ ከኋላዬ ቆሞ ቀይና ሰማያዊ መብራቱን ያበራልኛል። ያኔ መንገዱ ሌላ ነው። የቀኙ መስመር ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ከሩቅ ጀምሮ ፍሬቻ እያበራ ይወጣል። ፖሊሱ በሬዲዮ ሌላ ቦታ ተጠርቶ የሄደ እንደሆነ ደቂቃ አይፈጅም፣ መስመሩ ይሞላል። እኔ እዚያው ነኝ። ሥራው ያው ነው። የተለየው መብራቱ ብቻ ነው።

ሕጉ ራሱም በቀለም ይለያል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ብትገቡ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ መብራት ያበራ የቆመ መኪና አጠገብ መቀየር እየተቻለ መስመር ሳይቀይሩ ማለፍ እንደ ግድየለሽ ማሽከርከር ይቆጠራል። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያደርስ የሚችል ወንጀል ነው። የእኔን ቢጫ መብራት በዚያው መንገድ ብታልፉት ግን ተራ የትራፊክ ጥፋት ነው። ፖሊሱም እኔም የቆምነው አንድ አስፋልት ላይ ነው። ልጆቹ እንደሚጠብቁት የእኔም ይጠብቁኛል። ለፖሊስ የጠበቀው ሕግ ይላላ አልልም፤ የእኛም እኩል ይጥበቅ ነው የምለው።

ሜሪላንድ ውስጥ ቅጣቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ሳይለቅ ያለፈ ሰው 110 ዶላርና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚያዝበት አንድ ነጥብ። አደጋ ካደረሰ 150 ዶላርና ሦስት ነጥብ። ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ 750 ዶላርና ሦስት ነጥብ። ሰው ሲሞት ሌላ ክስ ሊጨመር እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም ያን 750 ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ እንኳ ከነመግጠሚያው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለመቅጣትም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ፖሊስ ባለበት ሁሉም ይለቃል፤ ሳይለቅ የሚያልፈው ፖሊስ በሌለበት ነው። በማርች 2023 ባልቲሞር ዙሪያ አይ 695 ላይ በአንድ አደጋ ስድስት የመንገድ ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስቴቱ የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ የፍጥነት ካሜራ ቅጣትን ከፍ አደረገ። ደግ ተደረገ። እኛ ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆንን ካሜራ የሚተክልልን የለም። እኔን የሚጠብቀኝ እናንተ ሕጉን ማወቃችሁ ነው።

እንዴት ታደርጉታላችሁ? ዓይናችሁ ሩቅ ይሁን። ቢጫ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ አጠገቡ እስክትደርሱ አትጠብቁ። ፍሬቻ አብሩ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ አንገታችሁን ዘወር አድርጋችሁ ጎናችሁን አረጋግጡ፣ ግቡ። ካለፋችሁ በኋላ መመለስ ትችላላችሁ። በግራ ያለው ሰው አላስገባ ካለ ነዳጁን ልቀቁና ቀስ በቀስ ቀንሱ። ድንገት ፍሬን መርገጥ ግን ከኋላ ያለውን ያጋጫል፤ እሱም ተንሸራቶ የሚመጣው እኔ ላይ ነው። መብራቱን ሲያዩ ለማየት የሚቆሙም አሉ። እባካችሁ አትመልከቱን። ሰው ወደሚያየው ነገር ነው መሪው የሚያዘነብለው። ሁለተኛው መስመር ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ በቀኝ በኩል ያለው ፍሬቻ ሲያበራ አስገቡት። የለቀቀው ለእናንተ ብሎ አይደለም፣ ለእኔ ነው። እናንተም ስታስገቡት ለእኔ ነው።

ተሳቢ ለምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ ሁለት ቃል። ስቴት በተሻገራችሁ ቁጥር ዝርዝሩ ይለወጣል። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ውስጥ መስመር መልቀቅ ካልተቻለ ከተጻፈው ፍጥነት 20 ማይል መቀነስ አለባችሁ፤ «ትንሽ ቀንሻለሁ» አያዋጣም። ፍሎሪዳ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የተበላሹ የግል መኪኖችንም ጨምራለች። ጆርጂያ ውስጥ ሕጉ የሚጠራው በስፔንሰር ፓስ ስም ነው። አትላንታ ላይ መንገደኛ የሚረዳ ሠራተኛ ነበር፣ በ2011 አይ 85 ላይ ሰው ሲረዳ ተገጭቶ ሞተ። እናንተም ራሳችሁ ስትቆሙ ሦስቱን ትሪያንግል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማስቀመጥ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። እንደ ኢንተርስቴት መሄጃውና መምጫው በተለያየበት መንገድ ላይ ትራፊኩ በሚመጣበት በኩል በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ ርቀት ነው የሚቀመጡት። ስንቱ ተሳቢ ትሪያንግሉን ከሳጥኑ ሳያወጣ ቆሞ እንዳየሁ ልነግራችሁ አልችልም።

መኪናችሁ ሲበላሽ ደግሞ ሕጉ ለእናንተም ስለሚሠራ መጀመሪያ አራቱን ፍሬቻ አብሩ። ከተቻለ መውጫው ድረስ እየተንፏቀቃችሁም ቢሆን ሂዱ፤ ጎማ ቢበላሽ ይበላሽ፣ ቸርኬም ቢጣመም ይጣመም። ካልተቻለ በተቻላችሁ መጠን ወደ ቀኝ ተጠጉ። ስትወርዱ በቀኝ በር ውረዱ። ከመኪናችሁ ፊትም ኋላም አትቁሙ። አጥር ካለና መሻገር ከቻላችሁ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። መውጣት የማያስተማምን ከሆነ ቀበቶ አስራችሁ ውስጥ ተቀመጡ። ልጆች ካሉ ደግሞ መኪናው ዙሪያ አንድም ሰው አይንቀሳቀስ። ሜሪላንድ ውስጥ ቻርት የሚባል የስቴቱ የመንገድ ረዳት አለ። ዋና ዋና መንገዶችን እየዞረ ጎማ ይቀይራል፣ ትንሽ ቤንዚን ይሰጣል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ የእኛ ሰው ሲያየው ፖሊስ መስሎት ይሸሻል። አትሽሹ።

ወደ እኛ ስትደውሉ «ቤልትዌይ ላይ ነኝ» ብቻ አትበሉን። ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ 64 ማይል ነው፣ ዙሪያውን ክብ ነው። ኢነር ሉፕ ላይ ናችሁ ወይስ አውተር ሉፕ? ኢነር ሉፕ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚሄደው። አውተሩ ተቃራኒው ነው። ካሳሳታችሁን በግድግዳው ማዶ እያየናችሁ አልፈን፣ ቀጣዩ መውጫ ድረስ ሄደን ነው የምንመለሰው። እናንተም ያን ሁሉ ጊዜ ዳሩ ላይ ትቆማላችሁ። መንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ የማይል ምልክት ካያችሁ ቁጥሩን ንገሩን። ከሁሉ በላይ ግን የተበላሸው ጎማ በየትኛው በኩል እንደሆነ ንገሩን። በሾፌር በኩል ከሆነ ክሪክ ይዞ የሚመጣ ትንሽ መኪና አንልክም፤ ፍላትቤድ ይዘን እንመጣለን።